የገበያ ወሬ መፈለጊያዎች ፍጥነትና ትክክለኛነት፤ ለሽንኩርት ነጋዴና ለሩዝ ነጋዴ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው የአስፋልት መንገድ ወረታ ከተማ ሲደርስ፣ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ ይገነጠልበታል። በዚህ መገንጠያ ላይ መጋዘን የከፈተ ነጋዴ ቀድሞ የገበያ ወሬ የሚሰማው ከመኪና ነጂዎች፣ ከደላሎችና ከገበያ ተመላሾች ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም አልቀረም። ነገር ግን አሁን ነጋዴው ከመኪና ነጂው ቀድሞ የእጅ ስልኩን ይጠይቃል፤ የጎንደርን የሽንኩርት ዋጋ፣ የዐዲስ አበባን የሩዝ ዋጋ፣ ትናንት ወጣ የተባለውን የጉምሩክ መመሪያ በጥቂት ቃላት ጽፎ መልስ ይጠብቃል። መልሱም ዐይን ተከፍቶ እስኪከደን ድረስ እንኳ ሳይቈይ ይመጣለታል።

ችግሩ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ፈጥኖ የመጣው መልስ ትክክለኛ ነውን? የዛሬ ነው ወይስ ያምና? የወረታ ነው ወይስ የሌላ አገር? በዚህ ጽሑፍ የሚገለጸው የመፈለጊያዎቹ ፍጥነትና ትክክለኛነት በምን እንደሚለካ፣ በአማርኛ ሲጠየቁስ ለምን እንደሚሳሳቱ ነው። ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ስለ ሆነ ነጋዴው ለባለሙያ ብቻ ትቶት ሊያልፍ አይገባውም።

በቅድሚያ ስለ አሠራሩ። ብዙ ሰው ጥያቄውን ጽፎ ሲልክ መሣሪያው በዚያች ቅጽበት ዓለምን ዞሮ የሚፈልግለት ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ጎግልም ሆነ ቢንግ አስቀድመው በኢንተርኔት ያሉትን ገጾች እየዞሩ ያነብባሉ፤ ያነበቡትንም ቃል በቃል በማውጫ ያሰፍራሉ። ጠያቂ ሲመጣ የሚከፈተው ይህ ማውጫ ነው። የሒሳብ ጸሓፊ የደምበኞችን ስም በፊደል ተራ ጽፎ ከስሙ አንጻር የመዝገቡን ገጽ ቍጥር እንደሚያሰፍረው ያለ ነው። አንድ ደምበኛ ዕዳውን ሲጠይቅ ጸሓፊው መዝገቡን ሁሉ አያገላብጥም፤ ማውጫውን አይቶ ወደ ገጹ ይሄዳል። ነገር ግን ዛሬ ጧት በዱቤ የወሰደው ገና ወደ መዝገቡ ካልተገለበጠ፣ የጸሓፊው መልስ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ጐደሎ ነው።

ስለዚህ ፍጥነት የሚባለው ነገር ሁለት ነው። አንዱ ከጥያቄ እስከ መልስ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ታላላቆቹ መፈለጊያዎች ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚመልሱ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ለነጋዴ ቁም ነገር አይደለም። ሁለተኛው አንድ ወሬ ከተጻፈበት ሰዓት ጀምሮ ወደ ማውጫው እስኪገባ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ነጋዴውን የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ይህኛው ነው። ብዙ ጊዜ የሚታደስ የታወቀ የዜና ገጽ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጐበኝ ይችላል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚነካ የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ገጽ ግን ቀናትና ሳምንታት ሊቈይ ይችላል። መሣሪያው የሚመላለሰው ብዙ ለውጥ ወደሚያገኝበት ቦታ ነውና።

ይህ መዘግየት ዐዲስ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት ጦማር ወይም ብሎግ የሚባለው፣ ማንም ሰው የዕለት ሐሳቡንና ወሬውን የሚጽፍበት ገጽ በዓለም ላይ በተስፋፋ ጊዜ፣ የተለመዱት መፈለጊያዎች የዕለቱን ጽሑፍ በዕለቱ ማድረስ አቅቷቸው ነበር። ስለዚህም ለጦማር ብቻ የተዘጋጁ መፈለጊያዎች ተነሡ። ከእነርሱም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ዴቪድ ሲፍሪ የተባለ አሜሪካዊ የመሠረተው ቴክኖራቲ ነው። ጎግልም የራሱን የጦማር መፈለጊያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 አወጣ። የእነዚህ ብልሃት ቀላል ነበር፤ መሣሪያው ገጾቹን እስኪዞር ከመጠበቅ ይልቅ ጸሓፊው ጽሑፉን ባወጣ ቍጥር የራሱ ገጽ «ዐዲስ ነገር አለኝ» የሚል አጭር ማስታወቂያ ወደ ማዕከል እንዲልክ ተደረገ። ጭነት የያዘው መኪና ራሱ ደውሎ «ደረስሁ» ቢል፣ ዘበኛ በየሰዓቱ ወጥቶ መንገዱን ከሚያይ ይሻላል እንደ ማለት ነው።

ፍጥነቱ ተገኘ፤ ትክክለኛነቱ ግን ወዲያው ተበላሸ። ማስታወቂያ የላከ ሁሉ በማውጫው ራስ ላይ የሚሰፍር መሆኑን ያወቁ አጭበርባሪዎች፣ በመሣሪያ እየተጻፉ የሚወጡ፣ ለማስታወቂያ ገቢ ብቻ የቆሙ ከንቱ ጦማሮችን በብዛት እያወጡ ማዕከሉን በሐሰተኛ ጥሪ አጥለቀለቁት። ዐዲሱን ወሬ የፈለገ ሰው ዐዲሱን ውሸት ያገኝ ጀመር። እነዚህ መፈለጊያዎች ውሸቱን ከእውነቱ ለመለየት ብዙ ደከሙ፤ በመጨረሻ ግን ዋነኞቹ መፈለጊያዎች ራሳቸው ፈጣን እየሆኑ ሲመጡ፣ ጸሓፊዎቹም ወደ ማኅበራዊ መገናኛዎች ሲፈልሱ፣ ቴክኖራቲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጦማር ሥራውን አቆመ፤ የጎግሉም የጦማር መፈለጊያ በዚያው ዘመን ተዘጋ። በወረታ መንገድ የሚመላለስ ሰው ይህን ታሪክ ከደላላ ወሬ ጋር ቢያስተያየው ብዙ አይርቅም፤ ከሁሉ ቀድሞ ዋጋ የሚናገረው ደላላ ዋጋው እንዲወጣ ወይም እንዲወርድ የሚፈልገው ደላላ ሊሆን ይችላልና።

በአገራችን የጦማሩን ቦታ የያዙት የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጾች ናቸው። የእህልና የአትክልት ዋጋ፣ የመኪና ጭነት፣ የሚሸጥ መጋዘን በአብዛኛው የሚነገረው በዚያ ነው። ከዚህም ከባድ ነገር ይከተላል። የቴሌግራምና የፌስቡክ ጽሑፍ በአብዛኛው ወደ ጎግል ማውጫ አይገባም። እንግዲህ ነጋዴው «የወረታ ሽንኩርት ዋጋ» ብሎ ጎግልን ቢጠይቅና ምንም ባያገኝ ወሬው የለም ማለት አይደለም፤ ወሬው ያለው ሌላ መጋዘን ውስጥ ነው፤ የዚያ መጋዘን ቁልፍ ደግሞ በራሱ በቴሌግራም ውስጥ ያለው መፈለጊያ ነው። በተቃራኒው አዋጅና መመሪያ የሚፈልግ አስመጪ በቴሌግራም ቢፈልግ የሚያገኘው ሰዎች ስለ አዋጁ ያወሩትን እንጂ አዋጁን ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ትክክለኛነት እንምጣ። ይህን በሥርዓት መለካት የተጀመረው ኮምፒዩተር በየቤቱ ሳይገባ ገና ድሮ ነው። በእንግሊዝ አገር በክራንፊልድ የአውሮፕላን ትምህርት ኮሌጅ ሲሪል ክሌቨርደን የተባለ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተለያዩ ማውጫዎችን እርስ በርስ አወዳድሮ ነበር። በሁለተኛው ሙከራው 1,400 ጽሑፎችና 225 ጥያቄዎች ተዘጋጅተው፣ ለያንዳንዱ ጥያቄ የትኛው ጽሑፍ ትክክለኛ መልስ እንደ ሆነ አስቀድሞ በሰው ተለይቶ ተመዘገበ። ከዚያም እያንዳንዱ ማውጫ ምን ያህሉን እንዳገኘና ምን ያህሉን እንደ ሳተ ተቈጠረ። ዛሬም መፈለጊያዎች የሚመዘኑት በዚሁ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑም ሁለት ሳሕን አለው። አንደኛው ከመጡት መልሶች መካከል ለጉዳዩ የሚሆኑት ስንት ናቸው የሚለው ሲሆን ጥራት እንበለው። ሁለተኛው ሊመጡ ይገባቸው ከነበሩት መካከል የመጡት ስንት ናቸው የሚለው ሲሆን ምሉዕነት እንበለው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ወረታ ሽንኩርት 20 ማስታወቂያዎች ወጥተዋል እንበል። አንዱ መፈለጊያ 10 መልስ ቢሰጥና ከእነርሱ 8ቱ በእርግጥ ስለ ወረታ ሽንኩርት ቢሆኑ ጥራቱ ከመቶ 80፣ ምሉዕነቱ ከመቶ 40 ነው። ሌላው 50 መልስ ቢሰጥና ከእነርሱ 18ቱ ትክክል ቢሆኑ ጥራቱ ከመቶ 36 ብቻ ሆኖ ምሉዕነቱ ከመቶ 90 ይደርሳል። የቱ ይሻላል? ጭነት አስጭኖ መኪና ያስቆመ የሽንኩርት ነጋዴ 50 ገጽ የሚያነብብበት ጊዜ ስለሌለው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ሽንኩርት ሲያድር ይበላሻልና የአንድ ቀን መዘግየት ራሱ ኪሳራ ነው። ዕቃው ደረቅ ወደብ የደረሰበት አስመጪ ግን ስለ ዕቃው የወጣች አንዲት መመሪያ እንኳ ካመለጠችው ቅጣት ስለሚጠብቀው ሁለተኛውን መምረጥ አለበት፤ የማይረባውን እያነበበ መጣል የጸሓፊው ድካም ነው። የሩዝ ነጋዴ በመካከል ነው። ሩዝ በመጋዘን ይቈያል፤ ስለዚህ የአንድ ቀን ፍጥነት ብዙ አይጠቅመውም፤ የተሳሳተ ዋጋ ግን በመቶ ኩንታል ሲባዛ ብዙ ብር ነው።

ይህ ሁሉ በማንኛውም ቋንቋ የሚሠራ ነው። በአማርኛ ሲሆን ግን ሌላ ጣጣ ይጨመርበታል፤ ይኸውም ፊደላችን ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በንባብ አንድ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንዲሁ። ለአንባቢ ልዩነት የለውም፤ ለመሣሪያ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር ያለው የተለየ ምልክት ነው። «ኅብረት ሥራ ማኅበር» የሚለውን በወረታ ዘወትር የሚጻፍ ስም እንመልከት። «ኅብረት» በሦስቱ ሀዎች በሦስት መንገድ ይጻፋል፤ «ሥራ» በሁለት፤ «ማኅበር» ደግሞ በሦስት። ሦስት በሁለት በሦስት ሲባዛ 18 ይሆናል። አንዱ ማኅበር ሩዝ ለመሸጥ ማስታወቂያ ቢያወጣ ገዥው በትክክል እርሱ በጻፈበት መንገድ ካልጻፈ፣ ፊደሉን እንደ ተጻፈ ብቻ የሚያነጻጽር መፈለጊያ አይሰጠውም። የክልሉ ርእሰ ከተማ ስም እንኳ ሕ፣ ህ፣ ኅ እየተለዋወጡ፣ «ባሕር ዳር» ተለያይቶ ወይም «ባሕርዳር» ተገጥሞ 6 ዐይነት አጻጻፍ አለው። ታላላቆቹ መፈለጊያዎች እነዚህን አንዳንድ ጊዜ እያቀራረቡ ይመልሳሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በትንንሽ ገጾችና በመደብር ዝርዝሮች ውስጥ ያሉት መፈለጊያዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያውቁም። መጻፍ የሚያውቅ ሰው «ይህ የፊደል ስሕተት ነው» ብሎ ቢቈጣ አይፈረድበትም፤ ገዥውን የሚያመጣለት ግን ቍጣው አይደለም።

የወረታ ስምማ ራሱ የሚያስቸግር ነው። «ወረታ» ማለት የውለታ ምላሽም ማለት ስለ ሆነ፣ ስሙን ብቻውን የጻፈ ሰው ስለ ምስጋናና ስለ ውለታ የተጻፈ ሁሉ ይቀርብለታል። ከዚህም በላይ ከተማዋን «ወሮታ» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ በላቲን ፊደል ሲሆንም የስሙ አናባቢዎች ከጸሓፊ ጸሓፊ ይለያያሉ። «ፎገራ» ብሎ የጠየቀም ሩዙን ሲፈልግ በዝናዋ የታወቀችው የፎገራ ላም ቀድማ ልትመጣበት ትችላለች። ስለዚህ የቦታውን ስም ከዕቃው ስምና ከአጐራባች ቦታ ጋር አጣምሮ፣ ለምሳሌ «ወረታ ሩዝ ደቡብ ጎንደር» ብሎ መጻፍ ብዙ ትርፍ መልስ ያስቀራል። ለዘር የሚፈልግ ሰውም ተጠንቅቆ ይጻፍ። በፎገራ ሜዳ ለብዙ ዘመን የተዘራውና በደራ ወረዳ ባለችው በጅግና ስም የሚጠራው «ኤክስ ጅግና» ዝርያ ተለያይቶም ተገጥሞም ይጻፋል፤ በመካከሉ ጭረት የሚያደርጉበትም አሉ።

ሌላው ችግር የአማርኛ ቃል ብቻውን የማይቆም መሆኑ ነው። እንግሊዝ «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» የሚሉትን ለይቶ ሲጽፍ እኛ ከቃሉ ጋር እናጣብቃለን። «ሩዝ» የሚለው ቃል በዕለት ጽሑፍ ውስጥ የሩዝ፣ ለሩዝ፣ በሩዝ፣ ከሩዝ፣ ሩዙ፣ ሩዙን፣ ሩዛችን እየሆነ ይገኛል። ቃሉን ከመነሻው የሚያነጻጽር መፈለጊያ «ሩዝ» ተብሎ ሲጠየቅ «የሩዝ ዋጋ ጨመረ» የሚለውን ይስተዋል። የዚህ መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ያንኑ ጥያቄ በሁለትና በሦስት መልክ መድገም ነው። አንድ ጊዜ «ሩዝ ዋጋ»፣ ሁለተኛ «የሩዝ ዋጋ»፣ ሦስተኛ «የሩዙ ዋጋ»። ከነዚህ መካከል የመጨረሻው ዘወትር የሚረሳ ሲሆን፣ ስለ አንድ የታወቀ ገበያ የሚጽፉ ሰዎች ግን የሚጽፉት በዚህ መልክ ነው።

ከነጭራሹ የማይገኝ ጽሑፍም አለ። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደል መለያ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፊደላችንን በየራሱ ቍጥር ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ በዚያ መንገድ የተጻፈ ሰነድ ለዐይን አማርኛ ሆኖ ሲታይ ለመፈለጊያ ግን ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። እንደዚሁም በወረቀት ታትሞ እንደ ፎቶግራፍ የተነሣ ነጋሪት ጋዜጣ በውስጡ ያለው ቃል ሳይነበብ በሥዕልነቱ ብቻ የተቀመጠ ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ የሚረዳው የሰነዱን ርእስና ቍጥር በሌላ ሰው ገጽ ላይ ፈልጎ አግኝቶ ወደ ሰነዱ መድረስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ነጋዴን የሚጎዳው ግን የቀን ስሕተት ነው። የኢትዮጵያ ዘመን ከአውሮፓ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። በአማርኛ ገጽ ላይ «የ2016 ዋጋ» ተብሎ የተጻፈው የኛ 2016 ሊሆን ይችላል፤ ወይም እ.ኤ.አ. 2016፣ ማለት የኛ 2008 ሊሆን ይችላል። መፈለጊያው ይህን አይለይም። በሕግ ሰነድ ላይ ሲሆን ደግሞ ይባስ ብሎ አንዱ አዋጅ ሁለት ስም አለው። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ በአማርኛው ቍጥር 285/1994፣ በእንግሊዝኛው 285/2002 ይባል ነበር፤ እርሱን የተካው ደግሞ በአማርኛ 1341/2016፣ በእንግሊዝኛ 1341/2024 ነው። ስለ አሮጌው ከሃያ ዓመት በላይ ብዙ ስለ ተጻፈበትና ብዙ ገጾች ወደ እርሱ ስለሚያመለክቱ መፈለጊያው ዐዲሱን ትቶ እርሱን ከላይ ቢያስቀምጥ አያስገርምም። መፈለጊያዎች ገጽን ከሚያስቀድሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ሌሎች ገጾች የሚያመለክቱት መሆኑ ነውና፤ ሽማግሌ ብዙ ምስክር አለው።

የውጭ ምንዛሪም እንዲሁ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በዋዜማው አንድ የአሜሪካ ዶላር በ57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ያረጀ ገጽ አንብቦ የዕቃ ዋጋ ያሰላ አስመጪ ምን እንደሚደርስበት ለማስረዳት ቃል አያስፈልግም። ስለዚህ በጎግልም በቢንግም ያለውን፣ መልሱን «ባለፈው ቀን»፣ «ባለፈው ሳምንት» ብሎ የሚያጠብበውን መቈጣጠሪያ መልመድ ይጠቅማል። ነገር ግን ይህ መቈጣጠሪያ ራሱ የሚያየው ገጹ የወጣበትን ወይም የታደሰበትን ቀን እንጂ በውስጡ ያለው ዋጋ የተጠየቀበትን ቀን አይደለም። ያምናን ዋጋ ዛሬ ገልብጦ የሚያወጣ ገጽ ዐዲስ መስሎ ይቀርባል።

ስለ ሩዝ ዋጋ በተለይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ገጹም ዐዲስ፣ ቀኑም ትክክል፣ ቦታውም ወረታ ሆኖ ሳለ ዋጋው የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። ያልተፈለፈለ ሩዝ ነው ወይስ ተፈልፍሎ ነጭ የሆነ? ያልተሰባበረ ነው ወይስ ስብርባሪ ያለበት? ዋጋው ከመፈልፈያው በር ላይ ነው ወይስ መኪና ላይ ተጭኖ? በኩንታል ነው ወይስ በኪሎ? ይህን የማይናገር ማስታወቂያ ከየትኛውም መፈለጊያ ቢመጣ ጥራቱ ዜሮ ነው። በዚህ ጉዳይ የቆየው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ጥሩ አርአያ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ቡናውንና ሰሊጡን በደረጃ ለይቶ፣ ዋጋውን ከደረጃው ጋር በየከተማው በቆሙ ሰሌዳዎች አሳወቀ። ያን ዋጋ የጠቀመው በሰሌዳ መውጣቱ ብቻ ሳይሆን የየትኛው ደረጃ እንደ ሆነ መታወቁ ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ፣ ጠያቂን እንደ ሰው በተቀነባበረ አነጋገር የሚመልሱ መሣሪያዎች መጥተዋል። አማርኛቸው እያማረ ሄዷል። ይሁን እንጂ ለገበያ ዋጋ ሲሆን ማማሩ አደገኛ ነው፤ መልሱን ከብዙ ጽሑፍ አዋሕደው በራሳቸው ቃል ስለሚያቀርቡት፣ ቍጥሩ ከየት እንደ መጣ ካልተጠየቁና ገጹን ካላሳዩ በቀር የመቼና የየት ገበያ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ያልነበረ ቍጥርም ሊናገሩ ይችላሉ። ረዥም መመሪያ ለማሳጠር፣ ለውጭ አገር ደምበኛ ደብዳቤ ለማርቀቅ ይጠቅማሉ፤ ኩንታል ሩዝ ስንት እንደ ሆነ ለመጠየቅ ግን መፈልፈያው ቤት መደወል ይሻላል።

አንድ የንግድ ቤት የትኛው መሣሪያ እንደሚበጀው ለማወቅ የሌላ ሰው ምስክርነት አያስፈልገውም። ጸሓፊው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊመዝናቸው ይችላል። ቤቱ መልሳቸውን አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ዐሥር ጥያቄዎች ይጻፍ፤ ለምሳሌ ባለፈው የገበያ ቀን ራሱ የሸጠበትን ዋጋ፣ በእጁ ያለውን የአዋጅ ቍጥር፣ በወረታ የሚገኘውን የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያወጣውን የሚያውቀውን ጽሑፍ። እነዚህን በየመሣሪያው በተመሳሳይ ፊደል ይጠይቅ። ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር መልሶች ስንቱ ለጉዳዩ እንደሚሆን፣ የሚያውቀው መልስ ስንተኛ ላይ እንደ ተገኘ ወይም እንደ ጠፋ፣ የገጹም ቀን ስንት እንደ ሆነ በሦስት ዐምድ ይመዝግብ። ከዚያ «ሥልጠና»ውን በ«ስ»፣ «ማዕከል»ን በ«እ» ለውጦ ይድገመው። በፊደል ለውጥ ብቻ መልሱ የተለወጠበት መሣሪያ በአማርኛ ላይ ደካማ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ፍጥነቱን ለማወቅ ደግሞ ቤቱ ራሱ አንድ ማስታወቂያ በገጹ ላይ አውጥቶ በስንተኛው ቀን በመፈለጊያ እንደሚገኝ ይጠብቅ፤ ጦማረኞች ድሮ ቴክኖራቲንና ጎግልን ሲያወዳድሩ ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚረሳ አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በዐማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ ፈጣኑም ቀርፋፋውም መፈለጊያ እኩል ዝም ብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ሥራ ያልቆመበት ነጋዴ የደምበኞቹን ስልክ ቍጥር በወረቀት መዝገብ የያዘው ነው። ያ መዝገብ አሁንም ከጠረጴዛው መሳቢያ ባይወጣ መልካም ነው።

የሚቀረው የሻጩ ወገን ነው። በአማርኛ የሚገኝ ማስታወቂያ መጻፍ ከመፈለግ ይቀላል። ማስታወቂያው ፎቶግራፍ ብቻ አይሁን፤ በሥዕል ላይ የተጻፈ ዋጋ ብዙ ጊዜ አይፈለግምና በጽሑፍ ይደገም። የዕቃው ስም አንድ ጊዜ ያለ ምዕላድ፣ ማለት «ሩዝ» ተብሎ፣ አንድ ጊዜም «የሩዝ» ተብሎ ይግባ። የማኅበሩ ስም በሁለት የተለመዱ አጻጻፎች ቢገኝ ጌጥ ባይሆንም ገዥ ያመጣል። «ወረታ» ከሚለው አጠገብ «ፎገራ» እና «ደቡብ ጎንደር» ይጻፍ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቈጣጠር «ዓ.ም.» ተብሎ፣ ለውጭ ገዥ ሲሆንም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ይለይ። ሩዙ የተፈለፈለ ወይም ያልተፈለፈለ መሆኑ፣ መለኪያው፣ የሚረከብበት ቦታ ይጠቀስ። ዋጋው ሲለወጥም አሮጌው ማስታወቂያ ይነሣ፤ አለዚያ በኅዳር አዝመራ ጊዜ የወጣው ርካሽ ዋጋ በሰኔ ገዥ ይዞበት መጥቶ «በዚህ ስጠኝ» የሚለው ራሱን ባለ ሱቁን ነው።